ዘጠኝ ቀን የውድድር ዘመን አይባልም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታግሣችሁ አንብቡት። ኳስ የማትወዱ ዝለሉት፤ ግን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ፣ ወንድም ወይ እህት ያላችሁ ብታነቡት አይከፋም።

ሐሳቤን መጀመሪያውኑ ልናገርና ልገላገል፦ የዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ ቡድኖቻችን የውድድር ዘመን ይኑራቸው። ፌስቲቫል አላልኩም። የውድድር ዘመን ነው ያልኩት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ በሜዳና ከሜዳ ውጪ፣ የነጥብ ሰንጠረዥ ያለው፣ ቅዳሜ የተሸነፈ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚካስበት። ይህ ደግሞ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እንደ ደባርቅ ራቅ ብሎ ብርድ ላይ ለተቀመጠ ግቢ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የሚያስገርመኝን ነገር ላንሣ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ሲጀምር የት የት እንደተጫወቱ ታስታውሳላችሁ? ጅማ ላይ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አዳማ ላይ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም፣ ሐዋሳ ላይ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም። የአገሪቱ ትልቁ ሊግ ሜዳ ሲቸግረው የሄደው ወደ ተማሪ ግቢ ነው! ሣሩ እዚያ ነው፣ መልበሻ ክፍሉ እዚያ ነው፣ የስፖርት ሳይንስ መምህሩም እዚያ ነው። ሜዳው ሊግ ያስተናግዳል፤ የግቢው የራሱ ልጆች ግን ማልያ የሚለብሱት ፌስቲቫል ሲጠራ ነው። ድግሱ እኛ ቤት፣ እኛ ደጅ።

ስለ ሜዳ ካነሣሁ ፋሲልን ሳላነሣ አላልፍም፤ ጎንደሬ ነኝና ፍቀዱልኝ። ፋሲል ከነማ በ2013 በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ 13 ቡድኖች ነበሩ፣ እያንዳንዱም 24 ጨዋታ ነበረው። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ከ24ቱ ስንቱ ጎንደር ላይ ተደረገ? ዜሮ። ያሬድ ባየህ አምበል ሆኖ፣ ሱራፌል ዳኛቸው ኳሷን እያሽከረከረ፣ ሙጂብ ቃሲም እያገባ፣ በታሪካችን ትልቁ የውድድር ዘመን ሲያልፍ እኛ ያየነው በዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀን ነው። ደስታው ደስታ ነበር፤ አልክድም። ደባርቅም ዳባትም ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፍሯል። ግን ቡድንህን በስክሪን ብቻ እያየህ ሻምፒዮን ስትሆን አንድ ነገር ይጎድላል። የዳኛውን ፊሽካ አልሰማህም። ተጫዋቹ ሲሳሳት አልጮህክበትም፤ ቢጮህም አይሰማህም።

በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ዳባት ደጃፍ ደረሰ። ጭና ላይ የሆነውን ለእናንተ አልተርክም፤ ታውቁታላችሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ዋንጫም ሐዘንም ያየ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሄድበት ምን አገኘ? ዲኤስቲቪ ቤት። እዚያ ያሉትን ልጆች አልወቅስም። ደረስጌ ውስጥ የአርሰናልን የተጎዱ ተጫዋቾች ዝርዝር፣ የትኛው ጡንቻው እንደሆነ ሳይቀር፣ በቃሉ የሚነግርህ ልጅ አለ። (ሰው ስለ ደረስጌ ሲያነሣ የሚያነሣው 1847ን ብቻ ነው፤ ቴዎድሮስ ነገሡ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ እኮ እኛም ኖረናል!) ያ ልጅ ግን ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማን ግብ እንደሚያገባ አያውቅም። እንዴት ይወቅ? በመርሐ ግብር የተጻፈ፣ ቀንና ሰዓት ያለው፣ ሄዶ የሚያየው ጨዋታ ሲኖር ነው ሰው ስም የሚይዘው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ከውጭ ሆኜ እንደማላወራ እንድታውቁ ነው። እኔ ስማር ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ገና አልነበረም፤ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2010 ነው። እኔ የተመደብኩት ሩቅ ደቡብ ነበር። የግቢውን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ግቢ ጉዳይ አይደለም። ግራ ተመላላሽ ነበርኩ። አንደኛ ዓመት ላይ ተመረጥኩ፤ ግን “ፍሬሽ ነህ፣ ተመልከት” ተብዬ ተጠባባቂ ሆኜ አንድም ሳልጫወት ዓመቱ አለቀ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አራት ወር ሙሉ ልምምድ ሠራን። ንጋት 11፡30 ተነሥተን፣ ካፌ ሳይከፈት፣ በባዶ ሆድ። በረኛችን የአርባ ምንጭ ልጅ፣ መሀል ሜዳው የጋምቤላና የወልቂጤ፣ አጥቂው የደሴ። መጀመሪያ ላይ እርስ በርስ ኳስ መቀባበል ቀርቶ ቀልድም አንቀባበልም ነበር።

ከዚያ ወደ ውድድሩ ሄድን። የመጀመሪያውን ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ሁለተኛውን 1 ለ 1 ወጣን። ሦስተኛውን 3 ለ 1 አሸነፍን፤ እንዴት አድርገን እንደተጫወትን ዛሬም ይታየኛል። የወልቂጤው ልጅ ቀና ሳይል ነው ኳሷን የሚሰጠኝ፤ የት እንዳለሁ ያውቃላ! ያን ቀን ገና ቡድን ሆንን። በማግስቱ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ በነጥብ አላለፍንም። አራት ወር ተለማምደን፣ ዘጠኝ ቀን ቆይተን፣ ቡድን በሆንን ማግስት ተበተንን።

ሦስተኛ ዓመት ላይ “በጀት የለም” ተባለ፤ ውድድሩ ቀረብን። አራተኛ ዓመት ላይ ሄደን አራት ጨዋታ አደረግን። በመሀል ከከተማው ቡድን ጋር አራት የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። ያው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ፌስቲቫልና የውድድር ዘመን የሚለያዩት በርዝመት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ፌስቲቫል ላይ አሰልጣኝ ልጅ ማሳደግ አይችልም። ጊዜ የለውማ! ሦስት ጨዋታ ነው ያለው፤ ስለዚህ የሚያሰልፈው ቀድሞ ክለብ ውስጥ የተጫወተውን፣ አካሉ የጠነከረውን፣ ሲኒየሩን ነው። ከእኔ ጋር አንድ ፍሬሽ ልጅ ነበር። ከሁላችንም ይበልጥ ነበር፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ኳስ እግሩ ላይ ስትሆን አሰልጣኙ ራሱ ዝም ይል ነበር። ግን ቀጭን ነበር፣ ፈሪም ነበር፣ ተጋፍተው ሲጥሉት ተነሥቶ መሬት መሬት ያያል። አሥር ጨዋታ ቢሰጠው ይለምደው ነበር። ዘጠኝ ቀን ውስጥ ግን ማን አሥር ጨዋታ ይሰጠዋል? ሳይሰለፍ ተመለሰ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ልምምድ አልመጣም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ላውንጅ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ላይ ሌላ ሰው ኳስ ሲጫወት ሲያይ አገኘዋለሁ። እንግዲህ እሱን የሚያህል ስንት ልጅ ስንት ግቢ ውስጥ እንደቀረ አስቡት።

ሊግ ሲኖር ግን ሽንፈት ሌላ ነገር ይሆናል። ቅዳሜ ተሸነፍክ፤ ሰኞ ልምምድ ላይ ለምን እንደሆነ ይነገርሃል፤ ረቡዕ ታስተካክላለህ፤ ቅዳሜ ታየዋለህ። ዶርም ውስጥ ያሉት ልጆች ይሰድቡሃል፣ ከሳምንት በኋላ ያወድሱሃል። የተጎዳ ልጅ ከአንድ ወር በኋላ የሚመለስበት ጨዋታ አለው። የስፖርት ሳይንስ ተማሪው በተግባር የሚዳኝበት፣ የጤና ተማሪው ቁርጭምጭሚት የሚያስርበት፣ የጋዜጠኝነት ተማሪው ማይክ ይዞ የሚንተባተብበት ሜዳ ይኖራል። የስታትስቲክስ ተማሪዎች ደግሞ ሰንጠረዡን ይዘው ሲጨቃጨቁ ማየት እፈልጋለሁ።

“ይሄ የአሜሪካ ቅብጠት ነው” የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በእርግጥ እነሱ ዘንድ የኮሌጅ ቡድን ትልቅ ነገር ነው፤ ኳሱ የእኛ ዓይነት ባይሆንም፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ107 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም አለው። እሱን እንተወው፤ ገንዘባቸው ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ግን ኡጋንዳስ? ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲዎች እግር ኳስ ሊግ አላት፤ በሜዳና ከሜዳ ውጪ የሚደረግ። ማኬሬሬ ከክያምቦጎ ሲጫወት ተማሪው ግቢውን ነቅሎ ይወጣል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የተነሣው ዊትስ እ.ኤ.አ. በ2016/17 የአገሪቱን ሊግ በልቷል። (በ2020 ፈቃዱ ተሸጠና ቡድኑ ጠፋ፤ ይህም መታወቅ አለበት፤ ቡድንን ለባለሀብት ማስረከብ መጨረሻው ይህ ሊሆን ይችላል።) ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ የብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ቡድን ፑማስ አለ። ሁጎ ሳንቼዝ፣ ያ ሪያል ማድሪድ ሄዶ ግብ የጠገበው፣ ፑማስ ውስጥ እየተጫወተ የጥርስ ሕክምና ተምሯል። የጥርስ ሐኪም! “ኳስ ትምህርት ያበላሻል” ለሚሉኝ አባቶች ይህችን ስም ትቼላችኋለሁ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአማራ ክልል ብቻ 10 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ። ካርታውን ተመልከቱት። ስድስቱ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፦ ደባርቅ፣ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ደብረ ማርቆስ። ደብረ ታቦር ብቻ ነው ወረታ ላይ ትንሽ የሚያስገነጥል። ወልድያ፣ ወሎ፣ መቅደላ አምባና ደብረ ብርሃን ደግሞ ለብቻቸው ምድብ ይሆናሉ። የእኛን ስድስት ቡድን ብንወስድ፣ በሜዳና ከሜዳ ውጪ እያንዳንዱ 10 ጨዋታ ነው። አምስቱ በሜዳው፣ አምስቱ ከሜዳው ውጪ። በስምንት ወር ውስጥ 10 ጨዋታ ትምህርት ያስተጓጉላል የሚል ካለ፣ አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት ስልኩ ላይ እንደሚያፈጥ ይቁጠርልኝ።

ወጪውንም በእኔ ሒሳብ ላስላው። አንድ ልዑክ 22 ሰው ነው እንበል። አምስት ጉዞ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሌሊት ቢያድሩ 220 አዳር ይሆናል። አንድ ቡድን ለ15 ቀን ፌስቲቫል ቢሄድ 330 አዳር ነው፤ ያውም ሦስት ወይ አራት ጨዋታ ተጫውቶ ለመመለስ። ደግሞ አዳሩ ሆቴል መሆን የለበትም፤ እንግዳ ቡድን ዶርም ያድራል፣ ከተማሪው ጋር ካፌ ይበላል። አበሉ ነው እንግዲህ የሚያጣላው፤ አበል የማይወድ የለም፣ እሱን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ። የሴቶቹ ቡድን በዚያው አውቶቡስ በዚያው ቀን ይሂድ፤ ቀድመው ይጫወቱ፣ ወንዶቹ ይከተሉ።

አሁን ስለ ደባርቅ ጥቅም ልናገር፤ ትንሽ ክፋትም አለበት። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ ነው። የባሕር ዳር ልጆች መጥተው 60ኛው ደቂቃ ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲተነፍሱ አልታያችሁም? አርጀንቲና፣ ማራዶና እያሰለጠናት፣ ሜሲ እየተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ላፓዝ ላይ በቦሊቪያ 6 ለ 1 ተሸንፋለች፤ ከፍታ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እንዲያውም ፊፋ በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ አይደረግ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወደ 3,000 ከፍ አደረገው፤ በ2008 ደግሞ ጨርሶ አነሣው። ያ ክልከላ መጀመሪያ እንደወጣ ቢጸና ኖሮ ደባርቅ የተከለከለች ከተማ ነበረች። እንዲህ ያለ ሜዳ ይዘን ነው ማንም ሳይመጣብን የምንቀመጠው! ጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ደባርቅ ከጎንደር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጋቢ ለብሶ ዙሪያውን የቆመ ሕዝብ። ለከተማው ሻይ ቤትም፣ ለባጃጁም፣ በቆሎ ለምትጠብሰውም ቀኑ ቀን ነው።

ሌላም አለ። ደባርቅ የሚመደበው ተማሪ ከአገሪቱ ከየአቅጣጫው ነው። ብርዱን አያውቀውም፣ ሰውን አያውቅም፣ ከተማውም እሱን አያውቀውም። አራት ዓመት ቆይቶ ከግቢ በርና ከፎቶ ኮፒ ቤት ሌላ ሳያውቅ የሚሄድ አለ። ጥቅምት 2012 ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገደሉ፣ ረብሻውም ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት፣ ሁላችንም “እንዴት እዚህ ደረስን” አልን። ኳስ ይህን ይፈታል የሚል ሞኝ አይደለሁም፤ ኳስ ራሱ ያጣላል። ግን የደባርቅ ሰው የወላይታውን ልጅ በስሙ ጠርቶ “አንተ፣ ምታት እንጂ!” ብሎ ከጮኸለት በኋላ፣ ያ ልጅ መንገድ ላይ ሲያልፍ እንደ ባዳ አያየውም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደቡብ ውስጥ አንዲት ሻይ የሚሸጡ እናት ያውቁኝ የነበረው “ሦስት ቁጥር” በሚል ነው። ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ አያውቁም።

መንገዱስ? ይህን ጥያቄ ሸሽቼ አላልፈውም። ከደባርቅ ደብረ ማርቆስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዛሬ ልጁን በዚያ መንገድ አውቶቡስ ላይ የሚጭን ወላጅ እንቅልፍ የለውም። ሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተዋል። ይህ ሁሉ እያለ “ልጆቹ በየሳምንቱ ይጓዙ” ብል ራሴን ነው የምታዘበው። ስለዚህ መንገዱ እስኪከፈት በአጭሩ ይጀመር ነው የምለው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን፣ የደባርቅ ከተማ ምርጥ፣ የዳባት ምርጥ፣ የጃናሞራ ምርጥ። አራት ቡድን፣ እያንዳንዱ ስድስት ጨዋታ፣ በጠቅላላ 12። የጃናሞራ ልጆች በጨነቅና በሳንቃበር አድርገው በአይሱዙ ይመጣሉ፤ ይህን ለእኛ ተዉት፣ ለሠርግም ለገበያም እየመጣን ነው። መንገዱ ያልሆነ ሳምንት ጨዋታው ይተላለፋል፤ ሰንጠረዡ ግን አይሰረዝም። ቁም ነገሩ እሱ ነው፤ ተላለፈ ማለት ቀረ ማለት እንዳይሆን።

ለዚህ ስታዲየም አያስፈልግም። ግንባታ ካልተጀመረ፣ የመሠረት ድንጋይ ካልተጣለ፣ ሪባን ካልተቆረጠ ሥራ የማይመስለው ባለሥልጣን አለ። አራት የቀርከሃ ቋሚ፣ ኖራ፣ ፊሽካ፣ ሁለት ኳስና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱ ግን ግዴታ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ከማን። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ አንድ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ አንድ።

ደባርቅ ግቢ ያላችሁ ወንድምና እህቶች፣ በተለይ የስፖርት ሳይንሶች፣ መርሐ ግብሩን ለማውጣት ፈቃደኛ የሆነ ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች እኔ እልካለሁ፤ የጃናሞራን ቡድን ማልያ ደግሞ አዲስ አበባ ያለን ልጆች አዋጥተን እናሰፋለን፤ ተነጋግረናል።

በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ የተጫወታችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ስንት ዓመት ተማራችሁ፣ ስንት ጨዋታስ አደረጋችሁ? ግቢውን መጥራት አያስፈልግም፤ ቁጥሩን ብቻ። የእኔ አራት ዓመት፣ 11 ጨዋታ ነው።